ብዙ የተጓዘ ቅንጡ ተሽከርካሪ ሽያጭ፦ ዋጋውና ይዞታው ለምን ተራራቁ?

ከአሰላ ወደ በቆጂ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የምትገኘው ሳጉሬ የዲገሉና ጢጆ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ዙሪያዋ በስንዴና በገብስ ምርቱ የታወቀ ደጋማ አካባቢ ሲሆን፣ በጎዳናዋ ላይ ጋሪና ባጃጅ፣ ትራክተርና የጭነት አይሱዙ ጎን ለጎን ይታያሉ። በስዊድን መንግስት ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ1967 ስራ የጀመረው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ከነበረበት ዘመን አንስቶ የአርሲ ገበሬ ለሞተር ባዳ አይደለም። ትራክተርና ኮምባይነር በሰዓትና በሄክታር ሒሳብ ምን እንደሚያስገኝ ጠንቅቆ ያውቃል።

ቅንጡ የሚባለው ተሽከርካሪ ግን ከዚህ የተለየ ነው። የሚያስገኘው ገቢ በሄክታር አይለካም፤ የሚያስወጣው ወጪም በግዥው ዕለት ተከፍሎ አያልቅም። እድሜው 15 ዓመትን የተሻገረ፣ ከ300,000 ኪሎ ሜትር በላይ የተጓዘ አንድ ላንድክሩዘር ወይም መርሰዲስ ለሽያጭ ሲቀርብ ሻጩም ገዥውም የሚጠይቁት የመጀመሪያ ጥያቄ "ገበያው ስንት ነው?" የሚል ነው። ተሽከርካሪው በምን ይዞታ ላይ እንደሚገኝ፣ ሰነዱ የተሟላ መሆኑንና በቀጣዮቹ ዓመታት ምን ያህል ወጪ እንደሚጠይቅ ግን ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ክፍያው ከተፈጸመ በኋላ ነው። የዚህ ዓይነቱ ግብይት በግለሰቦች መካከል ብቻ የሚቀር አለመሆኑም ሊዘነጋ አይገባም። ያረጁ ተሽከርካሪዎችን በንብረትነት የያዙ የመንግስት መስሪያ ቤቶች፣ የሽያጭ ውል የሚያጸድቁና የባለቤትነት ስም የሚያዛውሩ ሰራተኞች፣ በዓመታት ቁጠባቸው መኪና ለመግዛት የሚያስቡ የመንግስት ሰራተኞችም ጉዳዩ በቀጥታ ይመለከታቸዋል።

ዋጋው ያልወረደበት ምክንያት

በአብዛኛው የዓለም ክፍል ቅንጡ ተሽከርካሪ ከሌሎች ሁሉ ፈጥኖ ዋጋው የሚወርድ ንብረት ነው። መለዋወጫውና ጥገናው ውድ በመሆኑ፣ ኪሎ ሜትሩ በጨመረ ቁጥር ገዥዎቹ እየሳሱ ይሄዳሉ። በጃፓን አዲስ የቤት መኪና ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ከዚያም በየሁለት ዓመቱ ጥብቅ ምርመራ የሚደረግለት በመሆኑ፣ ባለቤቱ ወጪውን ከማውጣት ይልቅ መኪናውን ለውጭ ገበያ መሸጥን ይመርጣል። የተባበሩት መንግስታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ሪፖርት እንዳመለከተው፣ እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2018 ባሉት ዓመታት 14 ሚሊዮን ያገለገሉ ቀላል ተሽከርካሪዎች ከአውሮፓ፣ ከጃፓንና ከአሜሪካ ወደ ሌሎች አገሮች የተላኩ ሲሆን፣ ትልቁን ድርሻ የተቀበለችው አፍሪካ ናት።

ኢትዮጵያም ከእነዚህ ተቀባይ አገሮች አንዷ ሆና ቆይታለች። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 307/1995 ታክሱን የሚጥለው በሞተሩ ጉልበት ላይ ብቻ ነበር። በዚህም መሰረት እስከ 1,300 ሲሲ 30 በመቶ፣ እስከ 1,800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ለሆነ 100 በመቶ ይከፈል ነበር። አዲስና አሮጌ ተሽከርካሪ በአንድ መጠን ይታይ ስለነበር፣ መነሻ ዋጋው ዝቅተኛ የሆነውን አሮጌ ተሽከርካሪ ማስገባት አዋጭ ነበር። ጎረቤት ኬንያ በበኩሏ ከስምንት ዓመት በላይ ያገለገለ ተሽከርካሪ እንዳይገባ በመከልከል የተለየ መንገድ ተከትላለች።

ይህ ሁኔታ በ2012 ዓ.ም. በወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ተለውጧል። አዲሱ አዋጅ ከሞተር ጉልበት በተጨማሪ የተሽከርካሪውን እድሜ መለኪያ በማድረግ፣ ረጅም ዓመት ባገለገሉት ላይ ታክሱን እስከ 500 በመቶ አድርሶታል። ዓላማው የአየር ብክለትንና በአሮጌ ተሽከርካሪዎች ምክንያት የሚደርስ አደጋን መቀነስ ነበር። ከዚያም በጥር ወር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች በስተቀር በነዳጅ የሚሰሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መወሰኑን ይፋ አደረገ። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ፣ በ57 ብር አካባቢ ይመነዘር የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በአጭር ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል።

የእነዚህ እርምጃዎች ድምር ውጤት ግልጽ ነው። በአገር ውስጥ ያለው ባለ ነዳጅ ቅንጡ ተሽከርካሪ ምትክ የማይገኝለት ንብረት ሆነ። እድሜው ሲጨምር ዋጋው ሊቀንስ ሲገባው፣ በብር ሲታሰብ ከተገዛበት በላይ የሚጠየቅበት ጊዜ መጣ። እዚህ ላይ ሊሰመርበት የሚገባው ነጥብ አለ። ክልከላው የሚመለከተው ወደ አገር የሚገባውን እንጂ ቀደም ሲል ገብቶ የተመዘገበውን አይደለም። በመሆኑም "ከእንግዲህ ስም አይዛወርም" በሚል ወሬ ባለንብረቶችን አስደንግጦ በርካሽ ለመግዛት፣ ወይም "ከእንግዲህ ሌላ አይገባም" በሚል ገዥን አጣድፎ በውድ ለመሸጥ የሚደረግ ሙከራ ሁለቱም መሰረት የላቸውም።

ከዚህ የሚወሰደው ቁም ነገር የገበያው ዋጋ ስለ ማሽኑ ጤንነት የሚናገረው ነገር እየቀነሰ መምጣቱ ነው። ገዥው ከሚከፍለው ገንዘብ ውስጥ አብዛኛው የእጥረት ዋጋ ነው። እጥረት ግን ሞተር አያድስም፤ ያለቀ ፍሬንም አይተካም።

ኪሎ ሜትሩና ደጋው

በአንድ መኪና ላይ የሚነበበው ኪሎ ሜትር ብቻውን ብዙ አይናገርም። በአስፋልት ላይ በመደበኛ ፍጥነት የተጓዘ 300,000 ኪሎ ሜትር፣ በኮረኮንች መንገድና በጭቃ ውስጥ ከተጓዘ 150,000 ኪሎ ሜትር ያነሰ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። በተጨማሪም ኪሎ ሜትር ቆጣሪን ወደ ኋላ መመለስ አስቸጋሪ ስራ አይደለም። በመሆኑም ጠንቃቃ ገዥ ቁጥሩን ከማመኑ በፊት የጥገና መዝገቡን ይጠይቃል፤ የፔዳሉን፣ የመሪውንና የሹፌሩን መቀመጫ መጎሳቆል ከቁጥሩ ጋር ያገናዝባል። ቆጣሪው 90,000 የሚያሳይ፣ የፍሬን ፔዳሉ ጎማ ግን ተበልቶ ያለቀ መኪና የሚናገረው አንድ ነገር ነው።

የአርሲ ደጋ የራሱን ፈተና ይጨምራል። ከ2,400 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ላይ አየሩ ከባህር ወለል ጋር ሲነጻጸር ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ ነው። ተርቦ የሌለው አሮጌ ሞተር በዚህ ከፍታ ጉልበቱ በግልጽ ይቀንሳል፤ የናፍጣ ፖምፓው ወይም ኢንጀክተሩ ያረጀ እንደሆነ ጥቁር ጭስ ያበዛል። ባለ ተርቦው ሞተር ጉድለቱን በከፊል ቢያካክስም ተርቦው ራሱ የበለጠ ይደክማል። የደጋው ቅዝቃዜ ደግሞ የባትሪንና የናፍጣ ሞተር ማሞቂያን ድክመት ያጋልጣል። ስለዚህም ከሰዓት በኋላ በሞቀ ሞተር የታየ መኪና በማለዳ በቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ ሌላ መኪና ሊሆን ይችላል። ሞተሩ ቀድሞ እንዲሞቅ ተደርጎ የሚቀርብ መኪና ጥርጣሬ ሊያሳድር የሚገባውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከሁሉም በላይ አሳሳቢው ቁልቁለቱ ነው። ከአሰላ በኢተያና በዴራ በኩል ወደ አዳማ የሚወርድ ተሽከርካሪ ከቀዝቃዛው ደጋ ወደ ሞቃታማው ስምጥ ሸለቆ በአጭር ርቀት ይወርዳል። ክብደቱ ከሁለት ቶን በላይ የሆነ ከባድ ቅንጡ መኪና ፍሬኑና አሞርዛተሩ ያረጁ ከሆነ፣ የሻጭና የገዥ የዋጋ ክርክር በመንገድ ላይ ወደ ሰው ሕይወት ጥያቄ ይለወጣል። ዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራ ትርጉም የሚኖረውም እዚህ ላይ ነው። ቦሎ በመስተዋት ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ብቻ ሆኖ ከቀረ ጉዳቱ የሚደርሰው በገዥው ላይ ብቻ ሳይሆን በመንገዱ ተጠቃሚዎች ሁሉ ላይ ነው።

ወጪውን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። ባለ ስምንት ሲሊንደሩ 4.5 ሊትር ሞተር ያለው ላንድክሩዘር በ100 ኪሎ ሜትር 15 ሊትር ናፍጣ ቢፈጅና በዓመት 20,000 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ፣ ፍጆታው 3,000 ሊትር ይሆናል። ለስሌት እንዲቀል ሊትሩ በ100 ብር ቢታሰብ እንኳ በዓመት 300,000 ብር ለናፍጣ ብቻ ይወጣል ማለት ነው። ከሐምሌ ወር 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ እንዲነሳ መደረጉ ደግሞ ይህንን ወጪ በባለንብረቱ ትከሻ ላይ አክብዶታል። ጎማ፣ ባትሪ፣ ቺንጋ፣ ካምቢዮና የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች በዚህ ስሌት ውስጥ አልገቡም። በተለይ የኤሌክትሮኒክስ ብልሽት ሲያጋጥም የመመርመሪያ መሳሪያ ያለው ጋራዥ ፍለጋ ወደ አዳማ ወይም ወደ አዲስ አበባ መጓዝ የሚያስፈልግበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሰነዱ ከሞተሩ ያላነሰ ነው

የተሽከርካሪ ሽያጭ ሁለት ነገሮችን ያካትታል። አንደኛው ንብረቱን ማስረከብ ሲሆን፣ ሁለተኛው ባለቤትነቱን ማዛወር ነው። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ምዝገባን የመንግስት ኃላፊነት ያደረገውም እያንዳንዱ ተሽከርካሪ የሚጠየቅ ባለቤት እንዲኖረው ነው። በተግባር ግን በርካታ ሽያጮች በውክልና ይፈጸማሉ። ሻጩ ገንዘቡን ተቀብሎ ለገዥው ውክልና ይሰጣል፤ ገዥውም በዚያው ውክልና ለሦስተኛ ወገን ይሸጣል፤ ሊብሬው ግን በመጀመሪያው ባለቤት ስም እንደተመዘገበ ዓመታት ያልፋሉ።

አሰራሩ የስም ማዛወሪያ ወጪንና እንግልትን የሚያስቀር ቢመስልም፣ መዘዙ ከባድ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የባለ ሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። በመሆኑም መኪናውን ከሸጠ ሦስት ዓመት የሞላው ሰው በማያውቀው ሹፌር ስለደረሰ አደጋ ለመልስ ሰጪነት ሊጠራ ይችላል። ገዥውም ቢሆን ዋስትና የለውም። ውክልና የሰጠው ሰው ውክልናውን ሊሽር ይችላል፤ ቢሞት ደግሞ ጉዳዩ ከወራሾች ጋር ወደሚደረግ ክርክር ይገባል።

በቅንጡ ተሽከርካሪዎች ላይ የሚታይ ሌላው ችግር ከቀረጥ ነጻ መብት ጋር የተያያዘ ነው። በኢንቨስትመንት ማበረታቻ፣ በዲፕሎማቲክ ተልዕኮ ወይም በእርዳታ ድርጅት ስም ከቀረጥ ነጻ የገባ ተሽከርካሪ መብቱ ለሌለው ሰው የሚተላለፈው ተገቢው ቀረጥና ታክስ ሲከፈልበት ነው። ይህ ሳይጣራ የተገዛ መኪና ሊነዳ ይችል ይሆናል፤ ስሙ ግን አይዛወርም። የባንክ እዳ ወይም የፍርድ ቤት እግድ ያለበትም እንዲሁ ነው። እነዚህን ከክፍያ በፊት ከመዝገቡ ማጣራት የአንድ ቀን ስራ ሲሆን፣ ከክፍያ በኋላ ግን የዓመታት ክርክር ይሆናል።

የሽያጭ ዋጋን ዝቅ አድርጎ በውል ላይ ማስፈርም የተለመደ ጥፋት ነው። በቴምብር ቀረጥ አዋጅ ቁጥር 110/1990 መሰረት በባለቤትነት ማዛወሪያ ላይ የሚከፈለው የሁለት በመቶ ቀረጥ እንዲቀንስ በማሰብ፣ በሚሊዮኖች የተሸጠ መኪና በመቶ ሺህዎች እንደተሸጠ ተደርጎ ይጻፋል። መንግስት ገቢውን ያጣል። ገዥውም የተደበቀ ጉድለት አግኝቶ ውሉ እንዲፈርስ ቢጠይቅ፣ በማስረጃ ሊያቀርበው የሚችለው በውሉ የሰፈረውን አነስተኛ ገንዘብ ይሆናል። ሁለት በመቶ ለማትረፍ ሙሉውን ገንዘብ አደጋ ላይ መጣል ሂሳብ አዋቂነት አይደለም።

ሕጉ ሻጩንም ያለ ግዴታ አልተወውም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2287 ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የተስማማና ጉድለት የሌለበት ስለመሆኑ ዋስ እንደሆነ ይደነግጋል። ገዥው በበኩሉ ዕቃውን ሳይዘገይ የመመርመርና ጉድለቱን የማሳወቅ ግዴታ አለበት። "ባለበት ሁኔታ ተሽጧል" የሚለው ሐረግ ለብዙ ሻጮች መሸሸጊያ ሆኖ ቢታይም፣ ጉድለቱን አውቆ በማታለል የደበቀን ሻጭ አያድነውም። በአንጻሩ የቴስታታውን ጥገና፣ የደረሰበትን ግጭትና የተለወጠውን ሞተር በጽሁፍ አስፍሮ የሸጠ ሰው፣ ምናልባት ጥቂት ገንዘብ ቢቀርበትም የሸጠው ነገር ተመልሶ ደጃፉ ላይ አይቆምም።

የመስሪያ ቤት ግቢ ውስጥ የቆመው ንብረት

የጉዳዩ ከባድ ገጽታ የሚታየው በመንግስት ንብረት ላይ ነው። በፌዴራል ደረጃ የመንግስት ግዥና ንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 649/2001 ንብረት ማስወገድን በሥርዓት የሚመራ ተግባር ያደረገው ሲሆን፣ ይህንኑ የሚያስፈጽም የመንግስት ግዥና ንብረት ማስወገድ አገልግሎት በ2002 ዓ.ም. ተቋቁሟል። አዋጁ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1333/2016 ተተክቷል። ክልሎችም የየራሳቸው ሕግና መመሪያ አላቸው። የሁሉም መርህ ግን አንድ ነው፤ ጥቅም የማይሰጥ ንብረት ግልጽ በሆነ ውድድር ተሸጦ ገንዘቡ ወደ መንግስት ካዝና ይግባ።

ይህ ሆኖ ሳለ በበርካታ መስሪያ ቤቶች ግቢ ውስጥ ጎማቸው የተነፈሰ፣ ሣር የበቀለባቸው ተሽከርካሪዎች ማየት የተለመደ ነው። ችግሩን በሰራተኛው ግዴለሽነት ብቻ ማሳበብ አይቻልም። ሽያጩ የሚያስገኘው ገንዘብ ወደ ካዝና ፈሰስ የሚደረግ እንጂ ለሻጩ መስሪያ ቤት የሚመለስ አይደለም። ምትክ ተሽከርካሪ ለመግዛት ደግሞ በጀት፣ ፈቃድና አሁን ባለው ሁኔታ በገበያው የሚገኝ አማራጭ ያስፈልጋል። ስለዚህ አንድ የወረዳ ጽህፈት ቤት ያለችውን አንዲት አሮጌ ላንድክሩዘር ቢሸጥ፣ የሚያጣው በእርግጠኝነት የታወቀ ነው፤ የሚያገኘው ግን አይታወቅም። ክረምት ሲገባ ከሳጉሬ ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚወስዱት መንገዶች ጭቃ ሲሆኑ በአራቱም ጎማ የሚሄድ መኪና ቅንጦት አለመሆኑንም መካድ አይቻልም። "አትሸጥም፣ ትጠገን" የሚለው ክርክር ክብደት ያገኘው ከዚህ በመነሳት ነው።

ክርክሩ ግን በሁለት ጉዳዮች መካከል ያለውን ልዩነት ይዘነጋል። እየተጠገነ በስራ ላይ ያለ ተሽከርካሪና ቆሞ ውሳኔ የሚጠብቅ ተሽከርካሪ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው የዓመት የጥገናና የነዳጅ ወጪው ከሚሰጠው አገልግሎት ጋር ተመዝኖ ሊቆይ ይችላል። ሁለተኛው ግን በየክረምቱ ይበሰብሳል። ጎማው ይሰነጠቃል፣ ባትሪው ይሞታል፣ ዘይት ያዥ ጎሚኖቹ ይደርቃሉ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦውን አይጥ ይበላዋል፤ ክፍሎቹም አንድ በአንድ ይፈታሉ። ዛሬ በሙሉ አካል የሚሸጥ መኪና ከሦስት ዓመት በኋላ በኪሎ የሚሸጥ ብረት ይሆናል። የገበያው እጥረት ዋጋውን ከፍ ባደረገበት ወቅት አለመሸጥ ደግሞ ኪሳራውን እጥፍ ያደርገዋል።

በሌላ በኩል ሽያጩ ራሱ ለኪራይ ሰብሳቢነት በር ሊከፍት እንደሚችል መታወቅ አለበት። መነሻ ዋጋው ጊዜ ያለፈበት ግምት ከሆነ፣ ማስታወቂያው በአንድ ሰሌዳ ላይ ብቻ ተለጥፎ ካለፈ፣ ወይም ተሽከርካሪው ሆን ተብሎ ክፍሉ ተፈትቶ "አይሰራም" ተብሎ ከቀረበ፣ በሕግ ሽፋን የመንግስት ሀብት ለጥቂቶች ተላልፎ ይሰጣል። መከላከያውም አዲስ ግኝት አይደለም። ግምቱ ከተጠቃሚው መስሪያ ቤት ውጪ በሆነ ባለሙያ በወቅቱ ገበያ ላይ ተመስርቶ ይሰራ፤ የተሽከርካሪው ይዞታና የጎደለው ክፍል በጨረታ ሰነዱ ላይ ይገለጽ፤ ተጫራቾች ከጨረታው በፊት በነጻነት ይመልከቱት፤ ያሸነፈውም በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ስሙን ያዛውር። ግልጽ የሆነ መረጃ የሚቀንሰው የተጫራቾችን ጥርጣሬ እንጂ ዋጋውን አይደለም።

ምርጫው

የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በተሰጣቸው የታክስ ማበረታቻ በአዲስ አበባ እየበዙ መጥተዋል። የኃይል መሙያ ጣቢያዎች በአብዛኛው በዋና ከተማዋ የተከማቹ በመሆናቸው፣ እንደ ሳጉሬ ባሉ ከተሞች ለውጡ ጊዜ መፈለጉ አይቀርም። በዚህ የሽግግር ወቅት የአሮጌ ባለ ነዳጅ ተሽከርካሪዎች ዋጋ ከፍ ብሎ ሊቆይ ይችላል። ይሁን እንጂ በእጥረት ላይ የቆመ ዋጋ ፖሊሲ ሲሻሻል ወይም አማራጩ ሲሰፋ የሚናድ መሆኑን ማንም ባለንብረት ሊዘነጋው አይገባም።

በመሆኑም ለመሸጥ ያሰበ ሰው ከገበያው ወሬ ይልቅ ሰነዱን ያሟላ፣ ጉድለቱን በጽሁፍ ያሳውቅ፣ ገንዘቡን በባንክ ይቀበል፣ ስሙንም ሳያዛውር ቁልፉን አይስጥ። የሚገዛ ሰው የመኪናውን ዋጋ ከመክፈሉ በፊት ቢያንስ የአንድ ዓመት የነዳጅና የጥገና ወጪውን በደመወዙ ወይም በገቢው ልክ ይመዝን። ውል የሚያጸድቅና ስም የሚያዛውር ሰራተኛ አገልግሎቱን ቀልጣፋ ባደረገ ቁጥር ሕዝቡ በውክልና የመሸጥ ልማዱን ይተዋል፤ እንግልቱ በበዛ ቁጥር ደግሞ ደላላው ሕግ ይሆናል። የመንግስት ንብረት የሚያስተዳድር ኃላፊም በግቢው የቆመውን ተሽከርካሪ ከመጪው ክረምት በፊት "ይጠገን" ወይም "ይሸጥ" ብሎ መወሰን ይጠበቅበታል። ሳይወሰን የቆመ ንብረት በየዕለቱ እየተሸጠ ያለ ንብረት ነው፤ ልዩነቱ ገንዘቡን የሚቀበል አለመኖሩ ብቻ ነው።